የሳይንስ አውደ ርዕይ ሥራ፦ ለልጁ ሳይሠሩለት ልጁን መርዳት

ከትምህርት ቤት የሚላከው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥም። ተማሪዎች ለሳይንስ አውደ ርዕይ አንድ ሥራ ይዘው እንዲቀርቡ ይላል፣ ቀኑም ተጽፎበታል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሚሆነው የታወቀ ነው። ወረቀቱ ከቦርሳ የሚወጣው ሦስት ቀን ሲቀር ነው። አባት ፎም ፍለጋ ይሮጣል፣ አጎት ሽቦ ያያይዛል፣ እናት ቀለም ትቀባለች፣ ልጁ ቆሞ ያያል። በዕለቱ መብራት የሚበራበት ቤትና ቀይ አረፋ የሚተፋ እሳተ ገሞራ ጠረጴዛውን ይሞላሉ፤ «ይህ ለምን ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልስ ልጅ አይገኝም።

ይህ መመሪያ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ ለሚረዱ ወላጆች፣ ለታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ የሳይንስ ክበብ ለሚያስተባብሩ መምህራንም ነው። አዲስ አበባ መሀል፣ በጠባብ ቤት ውስጥ፣ መብራት አንዳንዴ በሚጠፋበት ሰፈር እንዲሠራ ታስቦ የተጻፈ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ በአዋቂ እጅ ከተሠራ ውብ ሞዴል ይልቅ ልጁ ራሱ ለክቶ ያገኘው አንድ ቁጥር ይበልጥብኛል።

ከሁሉ በፊት መምህሩን መጠየቅ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መምህሩ አራት ነገር ይንገሯችሁ። የሚፈለገው ሞዴል ነው ወይስ ሙከራ? ሥራው የግል ነው ወይስ የቡድን? ገለጻው በየትኛው ቋንቋ ይሆናል? ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው ቦታ ምን ያህል ነው፣ ሶኬትስ አለው? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሶኬት በሌለበት አዳራሽ በመብራት የሚሠራ ነገር ይዞ መቆም ለልጅ ከባድ ነው።

ጊዜውን ከአውደ ርዕዩ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። አምስት ሳምንት በቂ ነው፤ አንዱ ለጥያቄው፣ አንዱ ለዕቃና ለመጀመሪያ ሙከራ፣ ሁለቱ ለዋናው ልኬት፣ የቀረው ለቻርትና ለልምምድ። አውደ ርዕዩ ግንቦት ላይ ከሆነና ፋሲካ በመካከል ከገባ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። በበዓል ሳምንት የሚለካ ልጅም የሚያስለካ ወላጅም አይገኝም።

ጥያቄው ከልጁ እንዲመጣ

«ምን እንሥራ?» ብላችሁ ስልክ ላይ መፈለግ አትጀምሩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዝና የገረመውን ሁሉ ይጻፍ። ቤት ውስጥ መነሻ ሞልቷል። ሊጥ ለምን አረፋ ያወጣል? እንጀራ መሶብ ውስጥ ሲቆይና በፌስታል ሲቆይ ቀድሞ የሚሻግተው የቱ ነው? ጀበናው ከብረት ድስቱ ይልቅ ሙቀት ይዞ ይቆያል? ቅዳሜ ቀን ካላችሁ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ወይም አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዛችሁት ውጡ። ቁም ነገሩ የሚያየው ብዛት አይደለም፤ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ነው።

ከተጻፉት መካከል አንዱን ስትመርጡ ጥያቄው በመቁጠር ወይም በመለካት ይመለስ እንደሆነ ተመልከቱ። «ፀሐይ ምንድን ናት?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በማስመሪያ ግን አይመለስም። «ከሰል ውሃ ያጠራል?» ይቀርባል። «የደፈረሰ ውሃ ይበልጥ የሚጠራው በአሸዋ ብቻ ሲጣራ ነው ወይስ አሸዋና ከሰል ሲኖር?» የሚለው ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። በሁለት ሳምንት የማያልቀውንና ያለ አዋቂ እጅ የማይሠራውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የዝናብ መጠን መለካት እንኳ፣ በጣም ደስ የሚል ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ግንቦት ላይ ለሚቀርብ አውደ ርዕይ አይታመንም፤ የበልግ ዝናብ እንደ ፈቃዱ ነው፣ ክረምቱ የሚገባው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ነው።

ጥያቄው ከተመረጠ በኋላ ልጁ የሚገምተውን መልስ ከነምክንያቱ ይጻፍ። መላ ምት የሚባለው ይህ ነው። ግምቱ ስህተት ቢሆን ማንም ነጥብ አይቀንስበትም፤ ከሙከራው በኋላ ግምቱን ማረም ግን ክልክል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፣ ሌላው እንዳለ ይቆይ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ በአንድ ምሳሌ ረጋ ብለን እንሂድ። ልጅቷ ዳቦ ሲቦካ ውሃው ለምን ለብ እንደሚደረግ ጠየቀች እንበል። ጥያቄዋ «ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ የዳቦ እርሾ ይበልጥ የሚሠራው በቀዝቃዛ፣ ለብ ባለ ወይስ በትኩስ ውሃ ነው?» ይሆናል። የሚቀየረው የውሃው ሙቀት ብቻ ነው። ጠርሙሱ፣ የውሃው መጠን፣ እርሾው፣ ስኳሩና ፊኛው በሁሉም ዘንድ እኩል መሆን አለባቸው።

1. መጠናቸው እኩል የሆነ ሦስት የለስላሳ ጠርሙስ ታጥቦ ይቅረብ። ቀጭን የሃይላንድ ፕላስቲክ በትኩስ ውሃ ስለሚጨማደድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።
2. በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይግባ። ማንኪያው በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ይለካ፤ የተከመረና የተላጨ ማንኪያ እኩል አይደሉም።
3. በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሁለተኛው ለብ ያለ፣ በሦስተኛው ትኩስ ውሃ በእኩል መጠን ይጨመር። አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ከሁለት ኩባያ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ለብታው ይገኛል። ለሦስተኛው የፈላው ውሃ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ገና እየተንፈቀፈቀ ቢጨመር ጠርሙሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የትኩሱን ውሃ ሥራ አዋቂ ይያዘው።
4. አስቀድሞ በአፍ ተነፍቶ የለሰለሰ ፊኛ በየጠርሙሱ አፍ ላይ ይገጠም፤ ሰዓቱ ይጻፍ።
5. በየ10 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ያህል የፊኛው ወገብ በክር ይለካ፣ ክሩም በማስመሪያ። ፊኛው ገና ካልቆመ «አልተነፋም» ተብሎ ይጻፍ።

እርሾው ስኳሩን ሲመገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ፊኛውን የሚነፋው እርሱ ነው። ለብ ያለው ቀድሞ እንደሚነፋ፣ ቀዝቃዛው እንደሚዘገይ ትጠብቃላችሁ፤ ትኩሱ ደግሞ እርሾውን ስለሚገድለው ምንም ማድረግ አልነበረበትም። ሆኖም ትኩሱ ጠርሙስ ላይ ያለው ፊኛ ገና እንደተገጠመ ቀና ሊል ይችላል። እዚህ ላይ «ተሳስተሻል፣ ተይው» ማለት ትልቁ ጥፋት ነው። «እርሾው ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ብላችሁ ጠይቋት። አራተኛ ጠርሙስ ይጨመር፤ ትኩስ ውሃና ስኳር ያለው፣ እርሾ ግን የሌለበት። የእርሱም ፊኛ ቀና ካለና ውሃው ሲቀዘቅዝ መልሶ ከተኛ፣ ፊኛውን ያነሳው የሞቀው አየር መሆኑን ልጅቷ በገዛ እጇ ደረሰችበት ማለት ነው። ማነጻጸሪያ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ለዳኞችም ከዋናው ውጤት ይልቅ ይህንን ብትነግራቸው ይሻላል።

ሙከራው በሌላ ቀን ሁለት ጊዜ ይደገም። ሦስቱ ውጤት ይቀራረባል ወይ? ካልተቀራረበ የተለየው ምን ነበር? የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጅ አማካይ ማውጣት ይችላል፤ ለ3ኛ ክፍል ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል።

ሌሎች የሚያዋጡ ጥያቄዎች

የእርሾው ነገር ካልሳባችሁ፣ ዘር ማብቀል ሁልጊዜ የሚሠራ ነው፤ ግን በሁለት ነገር ይከሽፋል። አንደኛው በየኩባያው አንድ ፍሬ ብቻ መዝራት ነው፤ ያ ፍሬ ሙት ከሆነ ሥራው አበቃ። በእያንዳንዱ ቢያንስ አሥር ይዘራና «ከአሥሩ ስንቱ በቀለ?» ተብሎ ይቆጠር። ሁለተኛው የዘሩ ምርጫ ነው፤ ክክ አይበቅልም፣ የተቆላም አይበቅልም፣ ስለዚህ ያልተከካ ጥሬ ሽምብራ፣ ስንዴ ወይም ገብስ ግዙ። ስንዴና ገብስ በጥቂት ቀናት ስለሚያጎነቁሉ ጊዜ ላጠረው ልጅ ይስማማሉ፤ ባቄላ ይቆያል።

ካርካዴም ጥሩ ነው። በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የወጣው ቀይ ውሃ በሎሚና በአቼቶ ቀይነቱ ይደምቃል፣ በቤኪንግ ሶዳ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ቤኪንግ ፓውደር በምትኩ አትጠቀሙ፤ ውስጡ አሲድም ስላለበት ውጤቱን ያዛባል። ቀለም መቀየሩን ማሳየት ብቻውን ትርኢት ነው፤ መለኪያ እንዲኖረው ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዙና «ቀለሙ እስኪለወጥ ስንት ሚሊ ሊትር የሶዳ ውሃ ፈጀ?» ብሎ ይቁጠር።

ለ6ኛ ክፍል ልጅ ግን የምመርጠው ጥላ መለካትን ነው፤ የሚፈልገው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሜትርና ጠመኔ ብቻ ነው። 1 ሜትር እንጨት በትምህርት ቤቱ ግቢ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ከ45 በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበትና ይለካ። ጥላው የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት እንዳልሆነ ልጁ ያገኘዋል፤ ግንቦት ላይ ከ6 ሰዓት ከ20 ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ምክንያቱም ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ያለችው ወደ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ነው፤ ፀሐይዋ ዘግይታ ትደርስብናለች። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ቀትር ላይ ጥላው ሊጠፋ ይቃረባል፤ በግንቦት ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን ዞሮ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከአውሮፓ ድረ ገጽ የተቀዳ ሥራ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው ይላል፤ የእኛ ልጅ ግን ግቢው ውስጥ የለካው ሌላ ነው።

የከፍታችን ነገርም እንዲሁ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። መምህሩ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ካላቸው ይህንን በእርሳቸው ፊት መለካት ይቻላል። የትኩሳት መለኪያውን ግን ወደ ፈላ ውሃ አታስጠጉት፤ የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ይሰበራል።

የውሃ ማጣሪያም የተለመደ ነው፤ ሃይላንድ ለሁለት ተቆርጦ አንገቱ ወደ ታች ይገለበጣል፣ ጥጥ፣ አሸዋ፣ ከሰልና ጠጠር ይደረደርበታል። ከሰሉና አሸዋው አስቀድመው ይታጠቡ፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ከገባው የባሰ ጥቁር ይሆናል። ጥራቱን ለመለካት ወረቀት ላይ የመስቀለኛ ምልክት ተጽፎ ረጅም ብርጭቆ ይቀመጥበት፤ ከላይ እየተመለከቱ ውሃ ሲጨመር ምልክቱ የሚሰወረው በስንት ሴንቲ ሜትር ነው? አንድ ነገር በቻርቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ የጠራ ውሃ ሁሉ የሚጠጣ አይደለም፣ ዓይን የማያየው ተህዋስ በዚህ ማጣሪያ ያልፋል።

ዕቃ ማግኘት

አብዛኛው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። የሌለውን ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ልጁ ራሱ ይጻፍ፣ ይዛችሁትም ውጡ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ ሽቦ፣ ቆርቆሮና ባዶ ዕቃ ይገኛል። ለኤሌክትሮ ማግኔት የሚሆነውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ ትራፊ አይጠፋም፤ ሽቦው የተቀባ ስለሆነ ሁለቱ ጫፎች በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቁ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ምስማር ላይ 10፣ 20፣ 30 ዙር እየጠቀለሉ ስንት ስፒል እንደሚያነሳ መቁጠር ለ5ኛ ክፍል ልጅ ተስማሚ ነው። ሽቦው ስለሚግል ከባትሪ ድንጋዩ ጋር የሚገናኘው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን።

ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ በመንገድና በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ሱቆች ቦታ ስለቀየሩ የምታውቁት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አሁንም እዚያው መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ። ሌላው የአገር ነገር ደግሞ ጾሙ ነው። እንቁላልን በአቼቶ ነክሮ ቅርፊቱን ማሟሟት የልጆች ተወዳጅ ሙከራ ነው፤ በዐቢይ ጾም እንቁላል ከሚጠፋበት ቤት ግን ልጁን «አምጣ» ማለት አይገባም።

የማይደረግ

ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት በልጅ ሥራ ውስጥ አይግባ፤ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይበቃል። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የሻገተ እንጀራ ወይም ዳቦ የሚጠና ከሆነ በሚያሳይ ፌስታል ውስጥ ታሽጎ ከነፌስታሉ ይጣል እንጂ አይከፈት። ፌስታሉ ላይ ባለ ካሬ የሚያሳይ ወረቀት አስቀምጦ ሻጋታው የሸፈነውን ካሬ መቁጠር ይቻላል። አስም ያለበት ልጅ ይህንን አይምረጥ። ቤንዚን፣ ናፍጣና አልኮል የሚነካ ሥራ ሁሉ ይቅር፤ አውደ ርዕዩ ላይ ያለው ግፊያ ብቻ ይህን ለመከልከል በቂ ነው።

ደብተሩ

ልኬቱ በተወሰደበት ቅጽበት በእርሳስ ወይም በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ቀንና ሰዓት ይኑረው። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይላግ፣ ገጹም አይቀደድ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ናሙና ከሞቀ «ማክሰኞ ከሰዓት መብራት አልነበረም» ተብሎ ይጻፍ። ደብተሩ የቆሸሸና የተጨማደደ ቢሆንም ከቻርቱ ጎን ይቀመጥ። እናንተ ለማሳመር ብላችሁ አትገልብጡት።

ቻርቱና ገለጻው

ማተሚያ ቤት ሄዶ ባነር ማሳተም አያስፈልግም። ለሦስት ክፍል የታጠፈ የካርቶን ሰሌዳ ይበቃል፤ በግራ ጥያቄውና ግምቱ፣ በመካከል ሠንጠረዡና ግራፉ፣ በቀኝ ውጤቱና «ያልገባኝ ነገር» የሚል ክፍል። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ግን ልጁ ራሱ አስቦ መሥራቱን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው እርሱ ነው። ጽሑፉ በልጁ እጅ ይጻፍ። ርዕሱ ከሁለት ሜትር ርቀት መነበቡን ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ሞክሩት። ፊደሉ ቢወላገድ ይወላገድ፤ ቁጥሩ ከደብተሩ ጋር መመሳሰሉን ብቻ አመሳክሩ።

ለገለጻው የሚሸመደድ ጽሑፍ አትስጡት። የሸመደደ ልጅ አንድ ቃል ሲጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል። ይልቁንስ ጎረቤት ወይም አያት ፊት ቆሞ ይለማመድ፤ እነርሱም ምን ጠየቅህ፣ እንዴት ለካህ፣ ያልጠበቅኸው ምን አገኘህ፣ ብትደግመው ምን ትለውጣለህ እያሉ ይጠይቁት። አያት «አልገባኝም» ሲሉ በሌላ መንገድ ማስረዳት ከቻለ ለዳኛ ዝግጁ ነው። ቋንቋውም ሊታሰብበት ይገባል። በእንግሊዝኛ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከሆነ በመጀመሪያ በአማርኛ ያስረዳ፤ ነገሩ ከገባው በኋላ ቃላቱን ማዛወር ቀላል ነው። የማያውቀውን ሲጠየቅ «ይህንን አልሞከርኩም» ማለት እንደሚችልም ንገሩት፤ ልጆች ይህ የተፈቀደ አይመስላቸውም።

በዋዜማው ሰሌዳው ተጣጥፎ፣ ብርጭቆና ጠርሙስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በአንድ ካርቶን ይግባ። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሚገፋ ካርቶን ደኅና አይደርስም፤ ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ውጡ ወይም ዕቃውን በዋዜማው ትምህርት ቤት ማሳደር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ትርፍ ፊኛ፣ ፕላስተር፣ መቀስና መወልወያ ጨርቅ ይጨመር። ለማሳየት ጊዜ የሚወስደውን ሙከራ፣ ለምሳሌ እርሾውን፣ ዳኞች ይመጣሉ ከተባለበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጀምረው። ጠረጴዛው ከተዘጋጀ በኋላ እናንተ ከአጠገቡ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ወላጅ ጎኑ ካለ ልጅ ከመመለሱ በፊት ዘወር ብሎ ፊት ያያል፣ ዳኛውም ጥያቄውን ወደ ወላጁ ያዞራል።